ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ታካሚ ለጨጓራ ቀዶ ሕክምና ውጭ ሊሄድ ነው፤ ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ የኛ ሥራ ምንድን ነው?

ሲስተር_ከክትትል_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ማንነቱን የሚገልጽ ነገር ትቼ ለውሳኔ የሚያስፈልገውን ብቻ ልጻፍ።

ወንድ፣ 47 ዓመት። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 104 ኪሎ፣ ስለዚህ ቢኤምአዩ 36 ነው። ዓይነት 2 ስኳር እንዳለበት ካወቀ 7 ዓመቱ። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ 1 ግራም፣ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ጠዋት 24 ማታ 12 ዩኒት ይወስዳል። ቀድሞ ግሊቤንክላማይድ ላይ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት እሱ ቆሞ ኢንሱሊን ተጀመረለት። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን ይወስዳል። የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ (ኤችቢኤ1ሲ) 9.4 በመቶ። ኩላሊቱ ደህና ነው። ዓይኑን ከታየ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንዳንዴ ቃር ያስቸግረዋል። ጿሚ ነው።

ወጪውን ቨርጂኒያ ያሉ ወንድሞቹ ሊሸፍኑ ተስማምተዋል። ዕቅዳቸው ሕንድ ወይም ቱርክ ተሠርቶ በአሥር ቀን ውስጥ አዲስ አበባ እንዲመለስ ነው። "ስኳሩ ይድናል" ተብሎ ተነግሮታል።

ለስኳሩ ሲባል መሠራቱ ለዚህ ሰው ያዋጣል? ስሊቭ (ጨጓራውን ቆርጦ ማሳነስ) ይሻላል ወይስ ባይፓስ (ጨጓራውን አሳንሶ ምግቡን በአጭር መንገድ ወደ አንጀት ማሳለፍ)? ኢንሱሊኑን ከመቼ ጀምረን በምን ያህል እንቀንስ? ከተመለሰስ በኋላ ምን እንከታተል? የሠሩት ሰዎች እዚያው ይቀራሉ፣ ቀሪው ሥራ በኛ እጅ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር የተደገፈ መልስ ብታገኙልኝ።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም

ሲስተር፣ መረጃውን አሟልተው ስላቀረቡት እናመሰግናለን። መጀመሪያ "ይድናል" የሚለውን ቃል ከታካሚው ላይ ያንሱለት። በዚህ ቃል ተማምኖ የሄደ ሰው ሲመለስ ክትትሉንም ቫይታሚኑንም ይተዋል። ትክክለኛው አባባል "ስኳሩ ሊረግብ ይችላል" ነው። በ2021 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ስኳር ረገበ የሚባለው የስኳር መድኃኒት ሁሉ ከቆመ ቢያንስ ሦስት ወር አልፎት የሦስት ወር አማካዩ ከ6.5 በታች ሲሆን ነው። የረገበ ደግሞ ይመለሳል። በስዊድን በተደረገው ረጅም ክትትል ከተሠሩት የስኳር ታካሚዎች በሁለተኛው ዓመት 72 በመቶው ረግቦላቸው ነበር፤ በ15ኛው ዓመት ግን 30 በመቶ ብቻ ቀሩ። ያልተሠሩት 16 እና 6.5 በመቶ ስለነበሩ ጥቅሙ ትልቅ መሆኑ አያከራክርም። ዕድሜ ልክ የሚሆን ዋስትና ግን አይደለም።

የሚሠራበት መንገድ በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ገና ሳይቀንስ ስኳሩ ይወርዳል። ምግቡ በድንገት ስለሚያንስ በጉበት ውስጥ የተከማቸው ስብ ይቀልጣል፣ ጉበቱም ሌሊቱን ስኳር ወደ ደም ማፍሰሱን ይቀንሳል። በተጨማሪ ምግቡ ቶሎ ወደ ታችኛው ትንሹ አንጀት ስለሚደርስ ጂኤልፒ-1 የተባለው ሆርሞን ከፍ ይልና ቆሽቱን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋዋል። የክብደቱ መቀነስ የሚያመጣው ጥቅም በወራት ውስጥ ይከተላል። ሁለቱም መንገዶች የሚሠሩት ግን ቆሽቱ ውስጥ የሚገፋፋ ነገር ሲኖር ነው። የሞተ ቤታ ሴልን (ኢንሱሊን የሚያመነጨውን የቆሽት ሴል) ቀዶ ሕክምና አያስነሳም። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ለመገመት ዲያሬም የሚባል ነጥብ አለ፤ ከ0 እስከ 22 ይሄዳል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሉ ያንሳል። ለእርስዎ ታካሚ እንደምር፦ ዕድሜው 40ዎቹ ውስጥ ስለሆነ 1፣ አማካይ ስኳሩ ከ9 በላይ ስለሆነ 6፣ ኢንሱሊን ስለሚወስድ 10፣ ከሜትፎርሚን ሌላ ክኒን ስለሌለው 0። ጠቅላላ 17። ከ13 እስከ 17 ያገኙ ሰዎች ከባይፓስ በኋላ የመርገብ ዕድላቸው ከ11 እስከ 33 በመቶ ነው። ነጥቡ የተሠራው በፔንሲልቬኒያ በጋይዚንገር ታካሚዎች ላይ ነው። እዚያ ሰው ኢንሱሊን ላይ የሚደርሰው ብዙ ዓይነት ክኒን ሞክሮ ቆሽቱ ሲደክም ነው። እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሜትፎርሚንና ከግሊቤንክላማይድ በኋላ ያለው ምርጫ በዋጋም በአቅርቦትም ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ኢንሱሊን ይጀመራል። ስለዚህ 10ሩ ነጥብ በዚህ ሰው ላይ የተጋነነ ሊሆን ይችላል።

መለየት የሚቻለው ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽቱ ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚወጣ ነገር) በማሠራት ነው። በጾም ይሠራ፤ አብሮ በዚያው ደም ግሉኮስ ይለካ፣ ያለሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ከ0.2 ናኖሞል በሊትር በታች ከሆነ ቆሽቱ አብቅቷል ማለት ነው፤ ያኔ ዓይነት 1ን መጠርጠርና የጋድ አንቲቦዲ (ሰውነት የራሱን ቆሽት እያጠቃ መሆኑን የሚያሳይ) ማሠራት ይገባል። ኩላሊት ሲደክም ሲ-ፔፕታይድ በሐሰት ከፍ ስለሚል የእሱ ኩላሊት ደህና መሆኑ ይጠቅመናል። ስኳሩ ከ300 (ሚ.ግ በዴሲ ሊትር) በላይ በሆነበት ሳምንት አያሠሩት፤ ከፍተኛ ስኳር ራሱ ቆሽቱን ያፍነዋል።

በክብደት በኩል መስፈርቱን ያልፋል። በ2015 ለንደን ላይ ተመክሮበት በ2016 በወጣው መመሪያ ቢኤምአይ ከ35 እስከ 39.9 ሆኖ ስኳሩ በመድኃኒት ካልተስተካከለ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። በ2022 የወጣው የአሜሪካና የዓለም አቀፍ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ ለስኳር ታካሚ መነሻውን 30 አድርጎታል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የአገሩ መመሪያ ለአፍሪካውያን ዝርያዎችም መነሻውን በ2.5 ዝቅ ያደርጋል፤ ሐኪማችሁን በዚሁ ጠይቁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ቡድን አለ። በጎንደር ዙሪያ ገጠር እንደሚታየው ቀጭን ሆኖ ስኳር የያዘው ወጣት ይህን ወሬ ሰምቶ እንዳይሄድ። ለእሱ ይህ ቀዶ ሕክምና ጉዳት ብቻ ነው።

ያዋጣል ወይ ለሚለው፦ ሲ-ፔፕታይዱ ደህና ከሆነ አዎን። ክሊቭላንድ ላይ 150 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2017 የአምስት ዓመት ውጤቱ የወጣው ጥናት የእሱን መሰል ሰዎች ላይ ነው የተሠራው፤ አማካይ ስኳራቸው 9.2 ነበር፣ ግማሽ ያህሉም ኢንሱሊን ላይ ነበሩ። በአምስተኛው ዓመት 6.0 እና ከዚያ በታች የደረሱት በባይፓስ 29፣ በስሊቭ 23፣ በመድኃኒት ብቻ 5 በመቶ ናቸው። ያልረገበላቸውም ቢሆኑ ስኳራቸው ወርዶ መድኃኒታቸው ቀንሷል። ለታካሚው ሊነገረው የሚገባው ይኸው ነው።

ዓይኑ ደግሞ ሳይታይ አይሂድ። ከ9.4 በድንገት የሚወርድ ስኳር ቀድሞ የተጎዳ ሬቲናን ሊያባብስ ይችላል። ሌዘር የሚያስፈልገው ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ይጠብቅ።

ቀዶ_ሐኪም

ስሊቭ፣ አረብ አገር ያሉ ወገኖቻችን "ተክሚም" የሚሉት፣ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶውን በስቴፕለር ቆርጦ ማውጣት ነው። ከ36 እስከ 40 ፍሬንች (የቱቦ መለኪያ) ውፍረት ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራው በእሱ ልክ ይቆረጣል፤ የቀረው እንደ ሙዝ ቅርጽ ይይዛል። አንጀት አይነካም። የወጣው አይመለስም። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ነው፤ ምግብ የሚሄድበት ክንድ ከ100 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ሐሞት የሚወርድበት ከ50 እስከ 100 ይሆናል። ቀሪው ጨጓራ ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ ምግብ ግን አያልፍበትም።

ለዚህ ሰው ወደ ስሊቭ አዘነብላለሁ። ምክንያቴ የሚኖርበት ቦታ ነው። ከባይፓስ ከዓመታት በኋላ አንጀት በተሰፋው ክፍተት ሾልኮ ሊታነቅ ይችላል፤ ሕመሙ መጥቶ ይሄዳል፣ ሲቲ ስካኑም ደህና ሊመስል ይችላል፣ መፍትሔው ግን ቶሎ በካሜራ ገብቶ ማየት ነው። ይህን የሚጠረጥር ቀዶ ሐኪም በቅርብ ከሌለ አንጀቱ ይሞታል። ሁለተኛ፣ የተለየውን ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ ማየት አይቻልም። ሦስተኛ፣ በባይፓስ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣው ቁስል ዋነኛ መነሻዎቹ ሲጋራና እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው፤ አገራችን ውስጥ ዳይክሎፌናክ ለወገብም ለጉልበትም እንዴት እንደሚታዘዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስሊቭን የሚያስተወኝ ቃሩ ነው። ስሊቭ ቃርን ያባብሳል፣ ያልነበረበትንም ያስጀምራል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት እዚሁ ኢንዶስኮፒ ይሠራ። ጉሮሮው በአሲድ ክፉኛ የተቃጠለ ወይም ባሬት (በአሲድ ብዛት የጉሮሮ ሽፋን መለወጥ) የጀመረው ከሆነ ስሊቭ ከምርጫው ይውጣ። በዚያው የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ናሙና ይወሰድ። ከተገኘ ይታከም፤ መጥፋቱ የሚረጋገጠው አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ 2 ሳምንት በኋላ በሚሠራ የሰገራ አንቲጂን ነው። የደም አንቲቦዲውን አትመኑት፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል። ይህ ሁሉ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ።

አሥር ቀን ያሉት ያንሳል። የስቴፕል መስመር የሚያፈሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ የልብ ምት ነው፤ ተኝቶ ከ120 በላይ ሲመታ፣ ትኩሳትና የግራ ትከሻ ሕመም ሲጨመርበት፣ ሆዱ ለስላሳ ቢሆንም እንኳ አፍስሷል ብሎ መነሣት ነው። ይህ ነገር አውሮፕላን ላይ እንዲጀምር አንፈልግም። ረጅም በረራ የእግር ደም መርጋትንም ያስከትላል፤ ብዙ ማዕከሎች ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ኢኖክሳፓሪን 40 ሚ.ግ በቀን አንዴ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይሰጣሉ። ቢያንስ 14 ቀን እዚያው ይቆይ። ሞትን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሰፊ ክትትል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከሺህ ሦስት ገደማ ናቸው፤ ከሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ብዙም አይርቅም።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም

ዶክተር፣ ስለ ርቀቱ ያሉት ልክ ነው፤ በስሊቭ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ለስኳሩ ብቻ ካሰብን ባይፓስ ይበልጣል። ኖርዌይ ውስጥ ሁለቱን በዕጣ ያነጻጸረው ጥናት በአንደኛው ዓመት በባይፓስ 74፣ በስሊቭ 47 በመቶ ረግቦላቸዋል። ክሊቭላንድ በ2017 ያወጣው ሌላ ነጥብ ደግሞ ምርጫውን በስኳሩ ክብደት ይከፍለዋል፦ ስኳሩ መካከለኛ ደረጃ ላይ ከሆነ ባይፓስ በግልጽ ይበልጣል፤ ረጅም ዘመን የቆየና ቆሽቱ የደከመ ከሆነ ሁለቱም እኩል ስለሚያንሱ ቀለል ያለው ስሊቭ ይመረጣል። ስለዚህ ከሲ-ፔፕታይዱ በፊት አንወስን። ደህና ሲ-ፔፕታይድ ያለው፣ ቃር ያለበት፣ ማስታገሻ የማይወስድና የማያጨስ ሰው ከሆነ እኔ ባይፓስ እላለሁ።

ቀዶ_ሐኪም

በዚህ እስማማለሁ፤ ክፍተቶቹ በክር መዘጋታቸው በጽሑፍ ከተረጋገጠ። ሲጋራውን ግን ጠይቁት፣ ሲስተር አልጠቀሱትም።

ሲስተር_ከክትትል_ክፍል

አያጨስም። ለጉልበቱ አንዳንዴ ዳይክሎፌናክ ይወስዳል፤ አሁን እናስቆመዋለን። ኢንሱሊኑን በተመለከተ የፋርማሲ ባለሙያ ቢኖር?

ፋርማሲስት

አለሁ። በሦስት ጊዜ ከፍለን እንየው፣ አደጋው በእያንዳንዱ ይለያያልና። የምጽፈው ብዙ ቦታ የሚሠራበትን ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ጉበቱ እንዲያንስ በቀን 800 ካሎሪ ገደማ ብቻ እንዲወስድ ይታዘዛል። ትልቅ ጉበት ጨጓራውን ስለሚሸፍን በካሜራ መሥራት ያስቸግራል። የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፦ ምግቡ ወደ ሲሶ ገደማ ቀንሶ ኢንሱሊኑ 36 ዩኒት እንዳለ ይቀጥላል፣ በሁለተኛው ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ምግብ የመጀመሪያ ቀን ኢንሱሊኑ በግማሽ ይውረድ፦ ጠዋት 12፣ ማታ 6። ስኳሩን በቀን አራት ጊዜ ይለካ፦ ማለዳ፣ ከምሳ በፊት፣ ከእራት በፊት፣ ሲተኛ። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱም በዚያው ቀን ይቁም፤ ትንሽ እየጠጣ ሽንት የሚያሸና ክኒን ሲወስድ ቆሞ ይወድቃል። ሜትፎርሚኑ ይቀጥላል።

እሱ አይወስድም እንጂ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን (ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ክኒኖች) የሚወስድ ሌላ ታካሚ ካላችሁ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ይቁም፤ እኔ የአነስተኛ ካሎሪው ምግብ የሚጀምርበት ቀን ላይ አስቆመዋለሁ። እነዚህ መድኃኒቶች ስኳሩ ከ250 በታች ሆኖ እንኳ ኬቶን (ስብ ሲቃጠል የሚወጣ አሲድ) በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ። ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይመጣል፤ ስኳሩ 180 ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም፣ ቀዶ ሐኪሙም አፍስሷል ብሎ መልሶ ይከፍታል። ኬቶን መለካት ነው።

በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ሜትፎርሚንም ኢናላፕሪልም አይወሰድም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዋነኛው ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ከሲሶ አይበልጥም፤ አንዳንዱም ጨርሶ አያስፈልገውም። ለእሱ ማታ 8 ወይም 10 ዩኒት ኤንፒኤች ብቻ ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። ማለዳ ስኳሩ ከ100 በታች ከሆነ የማታውን በ20 በመቶ፣ ከ70 በታች ከሆነ በግማሽ ቀንሱ። በተከታታይ ሦስት ማለዳ ከ180 በላይ ከሆነ በ2 ዩኒት ጨምሩ። ግሊቤንክላማይድ ከቤቱ ይውጣ። ቀድሞ የተረፈ ብልቃጥ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ሲልበት ያወጣዋል። በልቶ ስኳሩን መመለስ ለማይችል ሰው ይህ ክኒን ቀኑን ሙሉ ስኳር ያወርዳል።

ሜትፎርሚን ፈሳሽ በደንብ መጠጣት ሲጀምርና ክሬአቲኒኑ ደህና ሲሆን በ500 ሚ.ግ ሁለት ጊዜ ይመለስ፤ ተራው ክኒን እንጂ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው አይሁን። ተራው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊፈጭ ይችላል። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ክኒን ግን በጭራሽ አይፈጭም፤ የቀኑ መጠን በአንዴ ይፈሳል።

ስኳሩ ቢወርድበት 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ቀስ እያለ ይጎንጭ፤ በ15 ደቂቃ ይለካ። በአንዴ ከገለበጠው ያስመልሰዋል።

ቫይታሚኖቹ ዕድሜ ልክ ናቸው። ቢ12 በአፍ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ወይም 1000 ማይክሮ ግራም በወር አንድ መርፌ፤ እዚህ አገር መርፌውን እመርጣለሁ፣ ሜትፎርሚኑም ቢ12ን ስለሚቀንስ በየወሩ ክትትል ሲመጣ አብሮ ይሰጣል። ብረት ንጹሑ ከ45 እስከ 60 ሚ.ግ። 325 የሚለው የፌረስ ሰልፌት ክኒን ውስጥ ያለው ንጹሕ ብረት 65 ገደማ ስለሆነ አንድ ይበቃል። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚ.ግ፣ በአንዴ ከ600 ሳይበልጥ ተከፋፍሎ። ሲትሬቱ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ፋርማሲ ውስጥ በብዛት ያለው ካርቦኔት ግን አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ብቻ ይወሰድ። ብረትና ካልሲየም በሁለት ሰዓት ይራራቁ። ብረቱ ከቡናና ከሻይም ይራቅ፤ ሦስቱን ስኒ ጠጥቶ ክኒኑን ቢያስከትል ክኒኑን ጣለው ማለት ነው። ቫይታሚን ዲ 3000 ዩኒት። ቢ1 በቀን ቢያንስ 12 ሚ.ግ፣ 50 ቢሆን ይመረጣል። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር ስለሚፈጠር ኧርሶዳይኦል 300 ሚ.ግ ሁለት ጊዜ ለስድስት ወር ይታዘዛል፣ ሐሞት ከረጢቱ ያልወጣለት ከሆነ። ለሕመም ፓራሲታሞል ብቻ።

ሲስተር_ከክትትል_ክፍል

እናመሰግናለን፤ ይህን አትመን ክፍላችን ውስጥ እንለጥፈዋለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ወንድሞቹ "በሳምንት አንዴ የሚወጋው መርፌ እያለ ለምን ይቀደዳል?" ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጾሙስ?

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም

መርፌው፣ ሴማግሉታይድም ቲርዜፓታይድም፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሲቆም ግን ክብደቱ ይመለሳል፤ ሴማግሉታይድን ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ስለዚህ ወንድሞቹ የሚጠየቁት፣ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ቀዝቃዛነቱ ሳይቋረጥ መላክ ይችላሉ ወይ ነው። የሚችሉ ከሆነ መርፌውን መሞከር ተገቢ ነው። አንድ ጊዜ ልከው የሚያቆሙ ከሆነ ገንዘቡን ለቀዶ ሕክምናውና ለቫይታሚኑ ያውሉት። ሁለቱን የሚያጣምር ከሆነ ማደንዘዣ ሰጪው ማወቅ አለበት፤ መርፌው ጨጓራን ስለሚያዘገይ ሰው ጾሞ ገብቶም ምግብ ጨጓራው ውስጥ ሊገኝ፣ ሲደነዝዝም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

የሥነ_ምግብ_ባለሙያ

ስለ ምግቡ እኔ ልመልስ።

የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ውሃ፣ የተጣራ መረቅ፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወተት፣ ቀጭን እርጎ፣ የተጣራ የምስር መረቅ። ሦስተኛና አራተኛው ሳምንት የተፈጨ፦ ቀጭን ሽሮ ያለ በርበሬ፣ የተፈጨ ምስር፣ ዓይብ በእርጎ ለስልሶ። አምስተኛና ስድስተኛው ለስላሳ፦ እንቁላል፣ የተቀቀለ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ ድንች። እንጀራ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በጣም በትንሹ። ለስላሳ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሳይታኘክ ሲዋጥ ተድበልብሎ ጠባቡ መውጫ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቤተሰቡን ጥሩና ይህን ንገሩ፦ ጉርሻ ይቁም። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል፤ አንድ የእናት ጉርሻ ግን የዚህ ሰው ሙሉ ምሳ ያህላል፣ ያስመልሰዋል። አጥሚትም "ያበረታል" ተብሎ በማርና በስኳር ተሠርቶ ይመጣል፤ በባይፓስ በተለይ ከጠጣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል። ሌላው ዓይነት ዘግይቶ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ስኳሩ ወርዶ ይመጣል፤ ያንን ደግሞ ቤተሰቡ "ስኳር ያስፈልገዋል" ብሎ ማር ሲጨምርለት ዙሩ ይቀጥላል። መፍትሔው ጣፋጩን መተው ነው።

ምግብ በ20 እና 30 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይበላል፤ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ከበላ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ፈሳሽ በጉንጭ በጉንጭ።

አሁን ጾሙ። የሚያስፈልገው ፕሮቲን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። እንቁላል አንዱ 6 ግራም አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ መቶ ግራም የበሰለ ዓሣ 20 እና ከዚያ በላይ። በጾም እነዚህ ሲወጡ፣ ዓሣንም ካልበላ፣ የቀረው ጥራጥሬ ነው፤ መቶ ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም፣ 30 ግራም የሽሮ ዱቄት 6 ግራም ያህል ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንዴ መብላት የሚችለው መቶ ግራም ገደማ ነው። ምስሩን ብቻ በቀን አምስት ጊዜ ቢበላ እንኳ 45 ግራም ላይ ይቆማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚበላ ከሆነ ደግሞ 18። በዚህ ጡንቻው ይከሳል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቁስሉ አይድንም። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚያዝ እነሱም ያውቃሉ። ከስድስት ወር በኋላ ከእንስሳት ውጤት መራቅ ከፈለገ ሰዓቱን ሳይጠብቅ፣ የአኩሪ አተር ወተትና የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን ዱቄት ጨምሮ፣ ይቻላል። ዱቄቱን ወንድሞቹ ከዚያ ይላኩለት፤ ከሚልኩት ጫማ ይህ ይበልጥበታል። ለሙስሊም ታካሚዎችም የመጀመሪያውን ዓመት ረመዳን መጾም ብዙ ባለሙያዎች አይመክሩም፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ሰዓት 1.5 ሊትር በዚህ ጨጓራ አይገባም።

አንድ ነገር ላሳስብ። ሁለት ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ያስመለሰ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ "ደክሟል" ተብሎ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ቢ1 ያለቀበት አንጎል ላይ ግሉኮስ ሲፈስ የቀረችውን ቢ1 ይጨርስና ሰውየው ዓይኑ ለሁለት ያያል፣ መራመድ ያቅተዋል፣ ይዘባርቃል። አንዳንዱ አይመለስም። መጀመሪያ ታያሚን (ቢ1) በደም ሥር፣ ቀጥሎ ግሉኮስ። የነርቭ ምልክት ከታየበት መጠኑ ከፍ ብሎ፣ 500 ሚ.ግ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ይሰጣል። ይህ መታወቂያው ጀርባ ላይ ቢጻፍለት ደስ ይለኛል።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም

ግሩም ነው። ለክትትሉ፦ የሦስት ወር አማካይ ስኳር በየሦስት ወሩ፤ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ አልቡሚንና ክሬአቲኒን በ3፣ በ6፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ። የብረት እጥረት ደም ማነስ ካለበት አማካይ ስኳሩ በሐሰት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ 6.8 አይታችሁ "ተመለሰበት" ከማለታችሁ በፊት ፌሪቲኑን እዩ፣ በጣት የሚለካውንም አመሳክሩ። ግፊቱን በየጊዜው ለኩ፤ 104 ኪሎ ላይ የታዘዘ ኢናላፕሪል 85 ኪሎ ላይ ይበዛበታል። ቢረግብለትም ዓይኑ፣ እግሩና የሽንት አልቡሚኑ በየዓመቱ መታየታቸው አይቀርም።

ሴት ታካሚ ለሚገጥማችሁ፦ ከ12 እስከ 18 ወር አታርግዝ፤ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው መከላከያ ላይ አትተማመን፣ የክንዱ ወይም ሉፑ ይሻላል። ስታረግዝም የስኳር ምርመራ ተብሎ 75 ግራም ግሉኮስ አይጠጣትም፤ ራሷን ያስታታል። በምትኩ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ለአንድ ሳምንት በጣት ትለካ።

ቀዶ_ሐኪም

ከኔ የመጨረሻ፦ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ወረቀት። "የክብደት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል" የሚል አንድ ገጽ አትቀበሉ። የቀዶ ሕክምናው ሙሉ ዘገባ በእንግሊዝኛ ይምጣ፤ የትኛው ዓይነት እንደተሠራ፣ ስሊቭ ከሆነ የቱቦው ውፍረት፣ ባይፓስ ከሆነ የሁለቱ ክንዶች ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ ክፍተቶቹ መዘጋት አለመዘጋታቸው፣ ሐሞት ከረጢቱ መውጣት አለመውጣቱ፣ ከወጣው ጨጓራ የተሠራው የፓቶሎጂ ውጤት። ፓቶሎጂው ብዙ ጊዜ ታካሚው ከሄደ በኋላ ስለሚደርስ በማን በኩል እንደሚላክ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይስማሙ። ቅጂውን አንዱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይያዝ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌሊት ሆዱን ሲያመው የሚያገኘው ተረኛ ሐኪም ሌላ የሚያየው ነገር አይኖረውም።

ሲስተር_ከክትትል_ክፍል

ተቀብያለሁ። ለሰኞ ሲ-ፔፕታይድ ከግሉኮስ ጋር፣ የዓይን ቀጠሮና ኢንዶስኮፒ ጽፌለታለሁ፤ ትኬቱን እንዳይቆርጡ ለወንድሞቹም ተነግሯቸዋል። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ቁጥሮቹን አስቀምጣለሁ።